የአብዱልጀሊል ቋጠሮ

አባቴ በሕይወቱ አንድም ጥይት ተኩሶ አያውቅም። በ1983 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ግን ቤታችን ውስጥ ዘጠኝ ጠመንጃ ነበር፤ ሁሉም በሽተኛ፣ ሁሉም የእሱን እጅ ጠባቂ። እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። ጠዋት ስነሳ ፊቴን ሳልታጠብ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ እቆጥራቸዋለሁ። የትኛው ድኖ እንደሄደ፣ የትኛው ታሞ እንደመጣ አያለሁ። ጦርነት ማለት ለእኔ ያ ነበር።

የአባቴ ሙያ የስፌት መኪና መጠገን ነው። ቤታችን ጎንደር አራዳ ውስጥ፣ የፊቱ ክፍል ሱቅ፣ የኋላው መኖሪያ፣ በመካከሉ አንድ ያረጀ አበባማ መጋረጃ ብቻ ነበር። አብዱልጀሊል ሲባል ከማክሰኝት እስከ ኮላ ድባ ያለ ልብስ ሰፊ ሁሉ ያውቀዋል። ክር የሚበጥስ መኪና ሲመጣለት ወዲያው አይፈታውም። እግሩን ፔዳሉ ላይ አድርጎ፣ ጆሮውን ወደ ብረቱ ደፍቶ ያዳምጠዋል፤ ከዚያ «እህ፣ እዚህ ጋ ነው» ይላል። ብረት ያናግረው ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከሰው ጋር ግን ወሬ አይሆንለትም።

በትርፍ ጊዜው ደግሞ ቆዳ ይሰፋል። የሰፈራችን ሴቶች ሸህ ዘንድ እየሄዱ ለልጆቻቸው ሂርዝ ያስጽፋሉ። የተጻፈው ወረቀት ተጣጥፎ በቆዳ ይለበጥና ከክፉ ነገር እንዲጠብቅ ልጁ አንገት ላይ ይታሰራል። ያንን ቆዳ የሚለብጠው አባቴ ነው። ይለብጣል እንጂ አያምንበትም። «ጠባቂው አላህ ነው፤ ቆዳ አይደለም» ይል ነበር። ለእኔም ለወንድሜም አንድም ቀን አስሮልን አያውቅም፤ እናቴ ራቢዓ በዚህ ነገር ትንገበገባለች።

«የሰው ልጅ ሁሉ አንገቱ ላይ ያንተን ስፌት አስሮ ይሄዳል፤ የራስህ ልጆች ግን አንገታቸው ባዶ!» ትለዋለች።

ይህችን ንግግር ስንቴ እንደሰማኋት አላህ ይቁጠረው። ከዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ እኔ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከአባቴ እጅ የወጣ ቆዳ ሰውን ከሞት ይጠብቃል፤ አባታችን ግን ለእኛ ነፍጎናል። በስምንት ዓመት ጭንቅላቴ ይህ እንደ ቁርአን የጸና ነበር።

ጠመንጃዎቹን ያመጡት ሃምሳ አለቃ ቢያዝን ናቸው። የቀበሌያችን ጥበቃዎች አለቃ ነበሩ፤ የደምቢያ ገበሬ ልጅ፣ ጦር ሜዳ ቆይተው በእግራቸው ስብራት የተመለሱ። የመጀመሪያውን ጠመንጃ በጆንያ ጠቅልለው ሱቁ ውስጥ ሲገቡ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ አይ ነበር።

«አያ አብዱልጀሊል፣ እንደምን ዋልህ?»

«አልሐምዱሊላህ። ምነው በደህና?»

«በሽተኛ ይዤልህ መጣሁ።»

ጆንያውን ገለጡት። አጭር፣ ወፍራም፣ አፈሙዙ ዙሪያውን የተበሳሳ ነገር ነው፤ ከሆዱ ሥር ክብ የጥይት ካዝና ተንጠልጥሎበታል። ፔፔሻ ይባላል። ከእኔም ከወንድሜም ዕድሜ በላይ የሆነ፣ ደህናው ክላሽ ሁሉ ወደ ግንባር ሲሄድ ለቀበሌ ጥበቃ የተረፈ ቅራቅንቦ ነበር።

አባቴ እጁን ወደኋላ አደረገ። «እኔ የጨርቅ መኪና ነው የማውቀው።»

«ይኼም መኪና ነው። ሞላ አለው፣ መርፌ አለው። የሚለየው የሚሰፋው ሰው በመሆኑ ነው» አሉና ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። እሳቸውም ሳቃቸውን ቶሎ ዋጡትና ወደ መጋረጃው ተመለከቱ። «ትልቁ ልጅህ ኡዘይር ታሟል አሉ?»

«አዎ፣ ቁርጥማት ይዞታል።»

«እሱስ ሸጋ አይደለም፣ ወጣት ልጅ ቤት ሲውል። ከእኛ ዘንድ ጥበቃ ቢገባ ነፋስ ባገኘ ነበር። የጥበቃ ልጅ ደግሞ መንገድ ላይ ማንም አይነካውም።»

አባቴም ወደ መጋረጃው ዞሮ አየ። ከዚያ ጆንያውን ወደ ራሱ ሳበው።

ሃምሳ አለቃ ቢያዝን እንዴት ያሉ ደግ ሐኪም ናቸው ብዬ አስቤ ነበር። ወንድሜ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ከቤት አልወጣም፤ የቁርጥማቱንም ነገር አምኜ እግሩን አሽለት ነበር። በዚያ ሰሞን ወጣት ወንድ ከትምህርት ቤት ደጅ፣ ከገበያ፣ ከሠርግ ቤት ሳይቀር እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ ይጫን እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያን ቀን ሱቁ ውስጥ የተደረገው ስምምነት ነበር። ዘጠኙን ጠመንጃ አባቴ ይጠግናል፤ ወንድሜ ግንባር በመሄድ ፈንታ ቀበሌ ደጅ ይቆማል።

አባቴ ጠመንጃውን በትልቁ ትሪ ላይ ዘርግቶ ፈታታው። ካቻቢቴው፣ ሞረዱ፣ የመኪና ዘይቱ፣ ሁሉም የሚያውቀው ዕቃ ነው፤ የሚሠራበት ፊቱ ግን ሌላ ነበር። የደከመውን ሞላ ስቦ አስረዘመው። ውስጡ የሚመላለሰው ከባድ ብረት የሚያርፍባት ትራስ ተበልታ ስላገኛት ከአሮጌ ጫማ ሶል ቆርጦ፣ ሦስቱን ደራርቦ ሰፍቶ ተካት። የተጣመመውን የካዝና ከንፈር በትንሿ መዶሻ ቀስ እያለ መለሰው። አንድ ነገር ግን እምቢ አለው።

«ቆላፊው አልቋል። ሁሉም ላይ አልቋል። እንዲህ ሆኖ ከወደቀ ይተፋል» ሲል ሰማሁት።

«አውቃለሁ» አሉ ሃምሳ አለቃ ቢያዝን ድምፃቸውን ቀንሰው። «እሱን ነው የፈራሁት። ባለፈው ሰሞን ከወዲያ ቀበሌ አንዱ...» ቀሪውን በጆሮው ነገሩት። እኔ አልሰማሁም።

በነጋታው አባቴ መላ አገኘ። የስፌት መኪናን ጎማ ከፔዳሉ ጋር የሚያገናኘውን የቆዳ ጠፍር ቆራረጠ፤ ውኃ ውስጥ ነከረው፤ ከዚያ ከካዝናው ፊት በተበሳሳው አፈሙዝ ላይ አስሮ፣ ቀለበት ሠርቶ፣ በጎኑ በኩል ብቅ ያለችውን የብረት እጀታ አጠለቀባት። እያንዳንዷን ቋጠሮ ሲያጠብቅ «ቢስሚላህ» ይላል። ርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ይጠብቃል፤ በማግሥቱ በጥፍር ቢቧጭሩት ንቅንቅ አይልም። ዘጠኙንም እንዲሁ አሰራቸው።

ሃምሳ አለቃ ቢያዝን ጥበቃዎቹን ሱቁ ደጃፍ አሰልፈው ጠመንጃ ሲያድሉ ጮክ ብለው የተናገሩት ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ ነው። «ስሙ! ይህን ጠፍር ያለ ትእዛዝ የፈታ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው። ይህ እያለ ማንም አይሞትም!»

እኔ ምን ልበል? ቆዳ ነው፤ አባቴ ነው የሠራው፤ ቢስሚላህ ተብሎበታል፤ ሰውም አያስሞትም ተብሏል። ሂርዝ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው!

ወንድሜ ጥበቃ ገባ፤ ቁርጥማቱም በአንድ ቀን ለቀቀው። የአባታችንን ካኪ ኮት ለበሰ፤ እጅጌው ጣቶቹን ይውጣል። ቤት ውስጥ ጠመንጃውን ተሸክሞ «ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ!» እያለ ያሳቀኛል። እኔን «ዳኛዋ» ይለኝ ነበር፤ በሁሉም ነገር ላይ ፍርድ ስለምሰጥ። ወጡ ጨው በዝቶበታል፣ የጎረቤታችን ድመት ጥፋተኛ ናት፣ አንተ ካልሲህን አጥበህ አታውቅም። «ዳኛዋ ፈርዳለች!» ብሎ ጆሮዬን ይጎትትና ይወጣል። እሱን የምወደውን ያህል ማንንም ወድጄ አላውቅም።

እናቴ ግን አልሳቀችም። ኮቱን ባየች ቁጥር ታለቅሳለች። አንድ ቀን ከአባቴ ጋር እንዲህ ተባባሉ።

«ለብረቱ ቆዳ ታስራለህ፤ ለልጄ አንዲት ሂርዝ ብትሰፋለት ምን ነበረበት?»

«ራቢዓ፣ እሱ ሌላ ነው፤ ይኼ ሌላ ነው።»

«አንጀትህ ነው ሌላ!»

ሐሙስ ዕለት ሃምሳ አለቃ ቢያዝን ሱቁ በር ላይ ቆመው፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ጥበቃዎቹ በመኪና እየተጫኑ ወደ አዘዞ መንገድ ሊወጡ እንደሚችሉ ለአባቴ ሲነግሩት ሰማሁ። አባቴ የያዘውን ካቻቢቴ ጣለው። እኔም ያን ጊዜ ነው የፈረድኩት። ሂርዙ ጠመንጃው ላይ ነው። ጠመንጃው ደግሞ የወንድሜ አይደለም፤ ተራው ሲደርስ ለሌላ ይሰጠዋል። ኡዘይር ባዶ አንገቱን ነው የሚሄደው።

ዓርብ፣ የካቲት አንድ ቀን፣ አባቴ ለጁሙዓ ሶላት መስጊድ ሄዷል። እናቴ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። ኡዘይር ምሳውን ሊበላ መጣ፤ ኮቱን ወንበር ላይ ጣለ፤ ጠመንጃውን ግድግዳው ሥር አጋደመና ወደ ጓሮ እጁን ሊታጠብ ሄደ። እዚያም ከእናቴ ጋር ወሬ ያዘ፤ ሳቁ ይሰማኛል።

ቋጠሮው ጥብቅ ነበር። ይህን አጥብቄ መናገር አለብኝ። በጥፍሬ ሞከርኩ፣ አልሆነም። የአባቴን ወስፌ አምጥቼ በመካከሉ ሰካሁ፣ ከዚያ በጥርሴ ጎተትኩት። የመኪና ዘይትና የጨው ጣዕም ነበረው። አንዱ ጎን ሲላላ ሌላውም ተከተለና ጠፍሩ እጄ ላይ ወደቀ። የኮቱን ገበር በደረት በኩል ተርትሬ ጠፍሩን ጠቅልዬ አስገባሁት። መጀመሪያ እጄ የገባው ክር ቀይ ስለነበር በቀይ ክር ሰፋሁት፤ የስፌት ሰው ልጅ ነኝና እጄ ፈጣን ነበር። እንደ አባቴም «ቢስሚላህ» አልኩ። ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ነው።

ኡዘይር ቆሞ ሁለት ሦስት ጉርሻ እንደጎረሰ ጓደኞቹ ደጅ ሆነው በፉጨት ጠሩት። ኮቱን አጠለቀ፤ ጠመንጃውን ሳያየው ትከሻው ላይ ጣለው።

«ዳኛዋ፣ ምን ያስቅሻል?»

«ምንም።»

ጆሮዬን ጎትቶ ወጣ። በዚያች ሰዓት ከእኔ የኮራ ሰው ጎንደር ውስጥ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ ታታታ የሚል ድምፅ ተሰማ። በዚያ ሰሞን ተኩስ ብርቅ ስላልነበር ጨዋታዬን ቀጠልኩ። ጠጠር እያፈስኩ ነበር። ሁለተኛውን ዙር ሳልጨርስ ሰዎች ወንድሜን በጋቢ ይዘው በሱቁ በር ገቡ። ቀበሌው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ሊቀመጥ ሲል የጠመንጃው ሰደፍ ከደረጃው ጋር ተጋጨ፤ ጠመንጃው በራሱ ተኮሰ፤ ከአገጩ ሥር ገባ። ይህን ሁሉ አንዱ ጥበቃ እያለቀሰ ሲናገር ነው የሰማሁት። አባቴ ከመስጊድ እየሮጠ መጣ፤ አንድ እግሩ ጫማ አልነበረውም።

ሃምሳ አለቃ ቢያዝን ጠመንጃውን ይዘው ገቡ። አባቴ ተቀበላቸው። የተበሳሳውን አፈሙዝ ዳበሰ፤ የጎኑን እጀታ ዳበሰ። ከዚያ ቤቱ በሞላ ሰው ፊት፣ እናቴ እያየችው፣ «ቋጠሮው የእኔ ነው። አላጠበቅሁትም ነበር። ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ።

እናቴ ያን ጊዜ ያወጣችውን ድምፅ እዚህ አልጽፈውም።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነበር። ሂርዙ ወንድሜ ደረት ላይ ነበር፤ ግን አልሠራም። ያልሠራው ደግሞ አባቴ በደንብ ስላላሰረው ነው፤ ራሱ አመነ። ለሰው ልጆች አሳምሮ የሚሠራ ሰው ለራሱ ልጅ ሲሆን ለግሟል! ሐዘኔ ላይ ንዴት ተጨመረበትና ከሐዘኑ በለጠ።

ወንዶቹ ገላውን ካጠቡ በኋላ ልብሶቹ ለአባቴ ተሰጡት። ሱቁ ውስጥ ብቻውን ገባ። እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። ኮቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ የደረቱን ገበር ይዳብሳል። ቀዩ ክር ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። በምላጭ ተረተረው፤ ጠፍሩን አወጣ። አንገቱን አቀርቅሮ እንደዚያው ቆየ። ከዚያ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

ሂርዝ ሰርቃለች ብሎ ሊገርፈኝ ነው አልኩ። በእጁ ጠራኝ። ስቀርበው ጉልበቶቹ መካከል አቆመኝና ሁለቱንም እጆቼን ያዘ።

«መርዋ፣ ዛሬ ዕቃዬን ነክተሻል?»

«አልነካሁም።»

ፊቱ ተሸበሸበ። ሊጮህ ይሆን ሊያለቅስ አላወቅሁም። «አዎ። አልነካሽም። ማንም ቢጠይቅሽ አልነካሽም። እማዬ ብትጠይቅሽም አልነካሽም። እሺ የእኔ ልጅ?»

«እሺ።»

ጠፍሩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከዱላ ስላመለጥኩ አላህን አመሰገንኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከተማው እጅ ተለወጠ። የቀበሌ ጥበቃ የሚባል ነገር ቀረ፤ አፈሳው ቀረ፤ ጠመንጃውም የትም ተጣለ። ወንድሜ ሦስት ሳምንት ቢቆይ ኖሮ ዛሬ የልጆች አባት ነበር። እናቴ ይህን ሦስት ሳምንት ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ስትቆጥረው ኖራለች።

አባቴ ከዚያ ወዲህ ቆዳ አልነካም። የስፌት መኪና ይዘው የሚመጡት ደንበኞችም እየተመናመኑ ሄዱ፤ ቋጠሮው ላልቶ ልጁን ያስገደለ ሰው እጅ ማን ያምናል? ሱቁ ውስጥ ክርና ቁልፍ መሸጥ ጀመረ። እናቴ አልፈታችውም፤ ግን ከአንድ ገበታ አልበላችም። በእኛ ቤት አባትና እናት ከአንድ ትሪ ነበር የሚበሉት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእሱ ለብቻው ታቀርብለታለች፤ እሷ ከእኔ ጋር ትበላለች። ለእኔ ግን ምን ያልሆነችልኝ ነገር አለ! ብርድ ሲነካኝ የምትታመመው እሷ ናት።

እኔም የእናቴ ልጅ ሆንኩ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ፣ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ልሄድ ስል የቦርሳዬ ማንገቻ ተበጠሰ። አባቴ ከባንኮኒው ኋላ ተነስቶ ሊቋጥርልኝ ያዘው። እኔ ምን ብለው ጥሩ ነው?

«ተወው! አንተ የቋጠርከውን አልፈልግም።»

ትንሽ ፈገግ ብሎ እጁን አነሳ። «እውነትሽን ነው» አለ። ቦርሳዬን ታቅፌ እየሮጥኩ ወጣሁ። ምነው ያን ቀን ምላሴ ተቆርጦ በወደቀ።

ስለ ጠፍሩስ አላሰብኩም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሳድግ በሂርዝ ማመን ተውኩ፤ ጠፍሩንም አብሬ ተውኩት። የልጅነት ሞኝነት ነው አልኩና ዘጋሁት። ሰው ማወቅ የማይፈልገውን ነገር አጠገቡ አስቀምጦ ስንት ዓመት ሳያየው መኖር እንደሚችል እኔን ጠይቁኝ። ጠመንጃ በእጄ ነክቼ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚሠራም አላውቅም ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ኮላ ድባ አስተምር ነበር። መስከረም ላይ አንድ ሽበታም ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ መጡ፤ እግራቸውን ይጎትታሉ። ስሜን ከነአባቴ ሲሰሙ ዱላቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት።

«የአያ አብዱልጀሊል ልጅ? የአራዳው? አለ እንዴ?»

ሃምሳ አለቃ ቢያዝን ነበሩ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተቀመጥን። ስለ አባቴ ጠየቁኝ፤ ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ከዚያ መሬቱን በዱላቸው እየጫሩ እንዲህ አሉ።

«አንድ ነገር እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ ልጄ። የአባትሽ ቋጠሮ ስምንቱ ላይ እስከ መጨረሻው ቀን ንቅንቅ አላለም። ወድቀዋል፣ ተረግጠዋል፣ ንቅንቅ የለም። ዘጠነኛው ምን ሆኖ ላላ?»

«ግን ጠፍሩ ለምን ነበር የታሰረው?» አልኳቸው።

ተገርመው አዩኝ። «እንዴ! የእነዚያ ፔፔሻዎች ቆላፊ አልቆ ነበር እኮ። ሰደፉ መሬት ከነካ ውስጡ ያለው ከባድ ብረት ወደኋላ ይንሸራተታል፤ ሲመለስ ጥይት ይዞ ይመለሳል። ቃታውን የነካ ሳይኖር ይተኩሳል። አባትሽ የጎኑን እጀታ በጠፍር ወደፊት ይዞ አሰረልን፤ ብረቱ እንዳይንሸራተት። ጠፍሩ ካለ ከገደል ቢወድቅ አይተኩስም። መተኮስ የፈለገ ቀለበቱን በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ ያወልቃል። ስንቱን ልጅ አተረፈልን መሰለሽ!»

ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። የመኪና ዘይቱ ጣዕም አፌ ውስጥ መጣ።

በዚያው ቅዳሜ ጎንደር ገባሁ። እናቴ ለቅሶ ቤት ሄዳለች፤ አባቴ ባንኮኒው ኋላ ተቀምጦ ቁልፎችን በየቀለማቸው ይለያል። መሬት ላይ ተንበርክኬ ጉልበቱን ያዝኩ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ የፈታሁት። ሂርዝ መስሎኝ ነው። ለኡዘይር...»

«ምኑን?»

«ጠፍሩን። ታውቃለህ እኮ። ኮቱ ውስጥ አገኘኸው፤ አይቼሃለሁ።»

«እኔ ኮት ውስጥ ያገኘሁት ነገር የለም። ቋጠሮው የእኔ ነው። አላጠበቅሁትም።» እጁ ግን ቁልፎቹን ባንኮኒው ላይ አፈሰሳቸው።

«አባዬ!»

ያን ጊዜ ዝቅ ብሎ ጭንቅላቴን ያዘ። ሲያረጅ እጁ ምን ያህል እንደቀለለ ታወቀኝ።

«ስሚኝ መርዋ። ያን ቀን እውነቱን ብናገር እናትሽ ባየችሽ ቁጥር እሱን ልታይ ነው። ስምንት ዓመትሽ ነው፤ የት ትሄጃለሽ? እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፤ እችለዋለሁ አልኩ። ሁለት ልጅ ነው የወለደችው። አንዱን ቀበርን። ሁለተኛዋን ቆሜ አልቀብርባትም።»

«አሁን ትልቅ ሰው ነኝ። እነግራታለሁ።»

«አትነግሪያትም። ሃያ አምስት ዓመት የተሸከምኩትን በአንድ ቀን መና ታስቀሪብኛለሽ? ወላሂ በይ።»

እምቢ አልኩ። አለቀስኩ። ተናደድኩም፣ እውነቱን ለመናገር። እሱ ግን ጭንቅላቴን አልለቀቀም። እናቴ የጓሮውን በር ስትከፍት ስንሰማ ነው «ወላሂ» ያልኩት።

በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አባቴ አልጋ ያዘ። በሦስተኛው ሳምንት ሐኪሙ ወደ ቤት ውሰዱት አለን። በእኛ ዘንድ ሰው መሄዱን ሲያውቅ በሕይወቱ የበደለውን አውፍ በሉኝ ይላል፤ ይቅርታ ሳይቀበል መሄድ ከባድ ነው። ጎረቤቶች በየተራ እየገቡ አውፍ ተባባሉት። ሐሙስ ጠዋት እናቴን ጠራት። ትራሱ አጠገብ ተቀመጠች። እኔ እግሩ ሥር ነበርኩ።

«ራቢዓ፣ አውፍ በይኝ።»

«አውፍ ብዬሃለሁ። ስላኖርከኝ ጊዜ ሁሉ አውፍ። አንተም አውፍ በለኝ።»

«ብያለሁ። የኡዘይርንም ቋጠሮ አውፍ በይኝ።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ነበር፤ አፌን ስከፍት አባቴ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። ያን ጊዜ መናገር የማይችል ሰው ቢሆን እንኳ ያ ዓይን ይበቃ ነበር። አፌን ዘጋሁ። ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ አስተማሪ ነኝ፤ ለሰው ልጆች እውነት ተናገሩ እላለሁ።

«እሱን አልችልም» አለች እናቴ። «ሞከርኩ፣ አላህ ያያል፣ ከአንጀቴ አልወጣ አለኝ። የሌላው ሁሉ ይሁንልህ። እሱን ግን አልችልም።»

«ሐቅሽ ነው» አላት። በእርጋታ ነው ያለው። ከዚያ ወዲያ ከሸሃዳ በቀር ሌላ አልተናገረም፤ ከዙህር ሶላት በፊት ሄደ።

ወንዶቹ ቀብረውት ሲመለሱ ቤቱ በሴቶች ተሞልቶ ነበር። እናቴ ከመካከላቸው እጇን ዘርግታ ፈለገችኝ። አጠገቧ ስቀመጥ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች፤ ሰውነቷ አንድ እፍኝ ሆኗል።

«ልጄ» አለችኝ፣ ሁሉም እየሰማት፣ «አላህ አንቺን ባያስቀርልኝ ምን ይውጠኝ ነበር?»

ሴቶቹ «አሚን፣ ያኑርልሽ» አሉ። እኔም አቀፍኳት።